እንግዶቼን አጥግባ ስለምታመጣልኝ የጎልፍ መኪና

ለክቡር አቶ እንዳሻው
የ«ቱ ሄረንስ» ሪዞርት ካምፕግራውንድ (የተጎታች ቤቶች መስፈሪያ ግቢ) ዋና ሥራ አስኪያጅ
ከኦሮራ በስተምሥራቅ

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ቢሮዎን ቀኑን ሙሉ ለሚያቀዘቅዝልዎ ማሽን ጤና ይስጥልኝ እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ሙቀት ግማሹ የዴንቨርና የኦሮራ ሐበሻ በግቢዎ ስለሚሰፍር የሁላችንም ጉዳይ ነው ብዬ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ጠይቄአለሁ።

ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል። በአየር ማረፊያው ታክሲ የሚነዳው ልጄ ውድነህ «እማዬ ትንሽ አየር ትቀይር» ብሎ ተጎታች ቤት ስለተከራየልኝ ከሰኔ ጀምሮ የግቢዎ ነዋሪ ነኝ። ቦታዬ ከዋናው በር እጅግ ርቆ፣ ከመዋኛው አልፎ፣ ተጎታች ቤቶቹ የሽንት ቤት ታንካቸውን ከሚያራግፉበት ጎን ነው። የተባለውን አየር ስቀይር ሰንብቻለሁ። ሐይቁ ይታያል ተብሎ ነበር፤ ወንበር ላይ ለሚቆም ሰው በእርግጥ ይታያል።

አቤቱታዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. የእንግዳ መኪና ሁሉ ከበሩ ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ፓርክ ይደረግ ብለው ማዘዝዎ ለሕፃናቱ ደኅንነት ነውና እጅ እነሣለሁ። ከዚያ ወደ ውስጥ የሚገባው ግን ወይ በእግር ነው፣ ወይ የግቢው አስተናጋጅ በሚነዱት የጎልፍ መኪና ነው። ሻትል (አመላላሽ መኪና) አለ የሚል ሰሌዳ መቆሙን አልካድኩም። ሰሌዳው ሁልጊዜ በቦታው አለ።

፪. አስተናጋጇ ወይዘሮ ሠርካዲስ ናቸው። ለሐበሻ ሰፋሪዎች አስተናጋጅ ይመረጥ በተባለ ጊዜ እኔም ስሜን ሰጥቼ ነበር፤ እርስዎ ግን እሳቸውን መረጡ። ሲስቁ ደስ ስለሚሉ ምርጫዎ አልገረመኝም። የምንተዋወቀው ገና እንደመጣን በዴንቨር ካፒቶል ሂል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ እሳቸው ከታች እኔ ከላይ ስንኖር ነው፤ ያን ጊዜ በኮልፋክስ ጎዳና የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ቢጫ ባርኔጣ አድርገው፣ ስማቸው የተጻፈበትን ባጅ ደረታቸው ላይ ሰክተው፣ በእግሬ ስሄድ ባገኙኝ ቁጥር መኪናዋን አቁመው «ጌጤ፣ ነይ ግቢ እንጂ! ለማን ብለሽ ነው ጉልበትሽን የምትጨርሺው?» ይሉኛል። ጉልበቴ ደኅና ነው። የሚያመኝ ሌላ ቦታ ነው።

፫. የአስተናጋጇ ቦታ ከበሩ አጠገብ፣ ከትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። እንግዶቼን ከሜዳው ጭነው ሲነሡ መጀመሪያ የሚያገኙት የራሳቸውን ደጅ ነው፤ እዚያም ይቆማሉ። ጥብስ እሳት ላይ ነው፣ ሽታውም እስከ መኪና ማቆሚያው ይደርሳል። «እንዴ፣ ደጄን ረግጣችሁ ሳትቀምሱ ልታልፉ?» ይላሉ። የእኛ ሰው ደግሞ በትልቅ ሰው ደጅ አልበላም ብሎ አያልፍም። አንዴ እምቢ ቢል ይለመናል፣ ሁለተኛ እምቢ ቢል «በሞቴ» ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጭ ብሎ መብላት ነው። እኔ ዘንድ የሚደርሱት ቀበቶአቸውን አላልተው ነው። እኔም በተራዬ «በሞቴ» እላለሁ፤ ለይሉኝታ አንዴ ሁለቴ ጎርሰው ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል። ድስቱን እንደተከደነ ወደ ማቀዝቀዣው መመለስ ለምጃለሁ። እንግዳ እየተቀበልኩ ምግብ እንዳይጎድልብኝ ያደረገ ሥርዓት በማቋቋምዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

የልጅ ልጄ ሊዲ፣ የውድነህ ልጅ እንኳ ባለፈው ጊዜ ስትመጣ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «አያቴ፣ የእማማ ሠርኬ ጥብስ ሶ ጉድ! እንዴት እንደምትሠራው ጠይቂልኝ» አለችኝ። እኔ እንድጠይቅላት! ይህ ቅናት ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። የአራተኛ ክፍል መምህሬ ነገሩን በስሙ ጥሪ እያሉ ጣቶቼን በማስመሪያ ይመቱኝ ነበርና በስሙ እጠራዋለሁ። አዎ፣ ቅናት ነው።

፬. እንግዳ ሁሉ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት እንዲወጣ በሩ ላይ በአማርኛ ማስታወቂያ ሰቅለዋል። አራት ነጥብ ስለሌለው መጨረሻው የት እንደሆነ አይታወቅም፤ ቢሆንም አከብረዋለሁ። በአንድ ምሽት ውድነህና ሚስቱ ስምረት እኔ ዘንድ አምሽተው ሲነሡ የጎልፍ መኪናዋ ሌላ ሰው ልታደርስ ሄዳ ስለነበር ልሸኛቸው አብሬ ወጣሁ፤ እንግዳን ከደጃፍ ማሰናበት ነውር ነውና። መዋኛው ጋ ስንደርስ ልጄ «እማዬ ብቻዋን አትመለስም» ብሎ እስከ ቤቴ መልሶ ሸኘኝ። ቤቴ ስንደርስ እነሱን ሳልሸኝ መግባት አልሆነልኝም፤ ስምረት «ኧረ እማማ፣ ይበቃል፣ ይግቡ!» እያለች እንደገና ወጣን። እንዲህ ስንሸኛኝ ሰዓቱ አለፈ። የበሩ ጠባቂ ይህን ይረዱታል ብዬ አልጠብቅም፤ እርስዎ ግን እንግዳ ሲሸኝ እያዩ ያደጉ ሰው ነዎት። በማግሥቱ ግን ከቢሮዎ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ጥፋቱ ከተደገመ እስከ ወቅቱ ማብቂያ ድረስ እንግዳ መቀበል አልችልም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ዋናው ጉዳዬ የፊታችን ቅዳሜ ነው። የፍልሰታ ጾም ከመግባቱ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ቅዳሜ ናት። ሊዲ ልትሰናበተኝ ትመጣለች፤ በሳምንቱ ቦስተን ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደማገኛት አላውቅም፤ በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለውን ሒሳብ መሥራት ደስ አይልም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ርቧት እንድትደርስልኝና የእኔን ምንቸት አብሽ እንድትበላ። ለዚህም የአባቷ መኪና ለዚያች ቀን ብቻ እስከ ደጄ እንዲገባ ቢሮዎን ጠይቄ ነበር፤ ጸሐፊዎ ጥያቄዬ ከግምት ውስጥ እንደሚገባ በትሕትና ነገሩኝ። ከገባ በኋላ እስካሁን አልወጣም።

ስለዚህ መነጽሬን አድርጌ የግቢውን ደንብ ደግሜ አነበብኩት። የተከለከለው ሁሉ የተከለከለው ከበሩ ወደ ውስጥ ነው። ስለ መኪና ማቆሚያው ሜዳ ግን በፍጥነት አትንዱ ከማለት በቀር የሚናገረው የለም። እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ድስቴን፣ ታጣፊ ጠረጴዛዬንና ሁለት ወንበር በሚጎተት ጋሪ ጭኜ በእግሬ ወደ ሜዳው እወርዳለሁ። ሊዲን ከመኪናው ስትወርድ እዚያው እቀበላታለሁ። እዚያ የጎልፍ መኪና አያስፈልጋትም፣ ሁለት ሰዓት ሞላ ብሎ የሚያስነሣት የለም፣ ከእኔ ደጅ በፊት የምትረግጠው ደጅም የለም። ስትሄድ እስከ መኪናው በር እሸኛታለሁ። የማንንም ሰዓት አላሳልፍም።

ሣርዎ እንደለመለመ፣ ሰሌዳዎችዎም እንደቆሙ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከታንክ ማራገፊያው ጎን ሆኜ ነፋሱ ወደ እርስዎ በነፈሰ ቁጥር አክብሮቴን የምልክልዎ፣

ጌጥነሽ ወልደ ሰንበት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ሊዲ ደወለች። ስለ ሜዳው ስነግራት በሳቅ ፈረሰችና «አያቴ፣ ዩ አር ክሬዚ! ግን እማማ ሠርኬም ትምጣ፣ ፕሊስ፤ እሷንም ልሰናበታት» አለችኝ። ሂያጅ ልጅ ናትና እምቢ አላልኳትም፤ ሦስተኛ ወንበር እጭናለሁ። ስለዚህ ለወይዘሮ ሠርካዲስ መልእክቴን ቢያደርሱልኝ፦ ጥብስ እንዳይዙ፣ ቢጫውን ባርኔጣም እቤት እንዲተዉት። በሜዳው ላይ አስተናጋጇ እኔ ነኝ፤ እሳቸው እንግዳ ናቸው። እንግዳ ደግሞ፣ እርስዎ እንደደነገጉት፣ በእግሩ ነው የሚመጣው።