ሞስኮ በሲኒማ ራስ

ልጄ ወሰንየለሽ፤ የራጉኤል አምላክ ከዚያ አገር ብርድ ይከልልሽ፤ የተማርሽውንም ለወገን የሚጠቅም ያድርግልሽ። ከናፍቆትሽ በቀር እኛ ደህና ነን።

ባለፈው እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ ስንወጣ ካድሬያችን ጓድ ጣሰው ለአንዱ፣ «ፊልም የኅብረተሰብ መስታወት ነው፤ ሞስኮን ማየት የፈለገ ሲኒማ ራስ ይግባ» ሲለው ሰማሁ። እኔም ገባሁ። ከፋሲካ ወዲህ ደብዳቤሽ ስለጠፋ ሌላ መስታወት የለኝም።

በፊልሙ ውስጥ በረዶ ይወርዳል፤ ወዛደሮች ሰልፍ ይወጣሉ። ከጎኔ የሶማሌ ተራው ተሸካሚ ሀያቱ ተቀምጧል። መብራት ሲበራ ጣሰው ተነሥቶ፣ «ወዛደር የትም አገር አንድ ነው» አለ። ሀያቱ እጁን አወጣና፣ «ጓድ፣ እነሱ ግን ጓንት አላቸው» አለው። «ጥያቄው በሚቀጥለው ውይይት ይታያል» ተባለ። አንቺ ፍልስፍናውን ከምንጩ እየጠጣሽ ነውና የጓንቱን ነገር እዚያ ጠይቂልን።

እኔ ግን ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት ኮፍያ ያደረገች ልጅ አየሁ፤ ጀርባዋን ብቻ። አንገቷን ሰበር አድርጋ ስትራመድ ቁርጥ አንቺን መሰለችኝ። ካፖርቷ ስስ ነው፤ ሻርፕ የላትም። ፊቷን ታዞር እንደሆነ ብዬ በማግስቱም በሠልስቱም ሄድኩ። አልዞረችም።

እባክሽ ሻርፕ ግዢ። አንድ ፎቶግራፍም ላኪልኝ፤ ፊትሽን ወደ እኔ አዙረሽ። በወጣሽበት ደጅ በሰላም ያግባሽ።

እናትሽ ያለምወርቅ

ማሽኑን የሚያዞረው ጋሽ በሪሁን እንደነገረኝ፣ ፊልሙ የተቀረጸው አንቺ ሳትወለጂ ነው።