መርፌ የወጋው ዶላር

ይሄነው ወንድሜ፣ የዳንግላ ጋሪዎች አለቃ፤

ከዴልሂ የገንዘብ መመንዘሪያ ደጃፍ በታላቅ ሐዘን ሰላም ብያለሁ። እማዬ ለዓይኗ ሕክምና የያዝነውን አሥራ አምስት ባለመቶ ዶላር ሌባ እንዳያየው ብላ፣ ከመምጣታችን በፊት በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ በዳበሳ ሰፍታው ነበር። ዛሬ ተርትሬ ለመንዛሪው ብሰጠው አንድ በአንድ ወደ መብራት እያነሳ «ይሄ ቀዳዳ ነው፤ አንቀበልም» አለኝ። ዓይኔ አያይም የምትል ሴት አንዲቱን ኖት እንኳ ሳትስት ወግታታለች! እኛ ጋ በፕላስተር የተጣበቀ አሥር ብር ገበያ ይውላል፤ እዚህ የመርፌ ቀዳዳ እንደ ጥይት ቀዳዳ ይመረመራል። አራት መንዛሪ ዞርን፣ አራቱም አንድ አፍ ሆኑ። ሆስፒታሉ እስከ ነገ ጠዋት ካልከፈልን ተራችንን ለሌላ ይሰጣል፤ የእኛን ብር ደግሞ እዚህ የሚቀበል ቀርቶ ስሙን የሚያውቅ የለም።

የምጽፍልህ ፖስት ካርድ ሞላ። ባለቤትህን ሀይማኖትን፣ ልጆቹን፣ ፈረሱንም ሳምልኝ። እማዬ «መንዛሪው ልጅ ምን አለ?» ብላ ስታፋጥጠኝ እውነቱን ነገርኳት። አሁን ከጎኔ ተቀምጣ «ይኼ ነው እንዲህ ያስጨነቀህ? መርፌና ክር ፈልግልኝ፣ ልድፈነው» ትለኛለች።