ዘንድሮንና ከርሞን አስማምተው የመሩት ወ/ሮ ፀጋ ኩማ

ወ/ሮ ፀጋ ኩማ ከአባታቸው ከአቶ ኩማ ጂሬኛ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጫልቱ ዋቅጅራ በ1950 ዓ.ም. በአርጆ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአርጆ፣ ሁለተኛ ደረጃን በነቀምቴ ተከታትለዋል። ከዚያም በጅማ እርሻን አጥንተው በ1971 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። በመንግሥት ሥራ ጊምቢ፣ ኋላም ነቀምቴ ተመድበው ከቡና ገበሬዎች ጋር ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል።

በ1974 ዓ.ም. ከጎጃም በመምህርነት ተመድበው ነቀምቴ ከመጡት ከአቶ ጫንያለው ተካ ጋር ጋብቻ መሥርተው በከተማው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ጎጆ ወጡ። ሊድያንና ሮቤራን ወልደዋል። መምህሩ ኦሮምኛ የተማሩት ከሚስታቸው ነው። ወ/ሮ ፀጋም የጎጃሙን አማርኛ ከባላቸው ወርሰው አዲስ አበባ ሲሄዱ «ደብረ ማርቆስ ነው አገርሽ?» ይባሉ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. የመንግሥት ሥራቸውን ለቀው በነቀምቴ ሱቅ ከነበራቸው ከአቶ ፈድሉ ጋር የቡና መፈልፈያ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ሲያድግ የአርጆ ገበሬዎች ባለ አክሲዮን ሆኑ፤ ወ/ሮ ፀጋም በሥራ አስኪያጅነት መሩት።

በ2001 ዓ.ም. ትልቁ ፈተና መጣ። የቡና ዋጋ ጥሩ ነበር፤ ዛፎቹ ግን አርጅተው ምርታቸው በየዓመቱ ይቀንስ ነበር። ወ/ሮ ፀጋ አርጆ ላይ ስብሰባ ጠርተው ያረጀው ቡና በሙሉ ተጎንድሎ፣ ማለትም ግንዱ ከግርጌው ተቆርጦ፣ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ሐሳብ አቀረቡ። የተጎነደለ ቡና ለመልቀም ሦስተኛውን ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። የአባታቸው ጎረቤት የነበሩት ሽማግሌው አቶ ደረሳ ተነሥተው፦ «ኢንተለ ኩማ፣ የኩማ ልጅ፣ የምትይው ልክ ነው። ግን እስከዚያ ቤቴ በምን ይደር?» አሉ።

ወ/ሮ ፀጋም ጥያቄውን ይዘው ስብሰባውን ለሌላ ቀን ቀጠሩ። ወደ ነቀምቴ ሲመለሱ መንገድ ላይ ጥያቄውን አብረዋቸው ለነበሩት ለአቶ ፈድሉ አነሡላቸው። እሳቸውም የመጣላቸውን ሰነዘሩ፦ «እኔ ነጋዴ ነኝ ፀጋ። ዕቃዬን ሁሉ አንድ ቀን አውጥቼ አልጥልም። መደርደሪያውን በየተራ ነው የማድሰው።»

ውሳኔው ከዚህ ንግግር ተወለደ። እያንዳንዱ ገበሬ በዓመት የማሳውን ሩብ ብቻ እንዲጎነድል፣ ብርሃን ባገኘው ሩብ ላይ ቦሎቄ እንዲዘራ፣ ድርጅቱም ቦሎቄውን እንዲገዛ በቀጠሮው ስብሰባ ተስማሙ። ይህም ሆኖ አንዳንዶች አክሲዮናቸውን ሸጠው ወጡ። ወ/ሮ ፀጋ አልተቀየሟቸውም። የመጀመሪያውን መጋዝ ያሳረፉት አባታቸው በተከሉት ቡና ላይ ነው። በዚያን ዕለት እንዳለቀሱ አብረን የነበርን እናውቃለን።

ቀጥሎ የመጡት ሁለት ዓመታት ጠባብ ነበሩ። ድርጅቱ አዲስ መኪና መግዛቱን አቆየ፤ ሥራ አስኪያጇም በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍረው አርጆ ይመላለሱ ነበር። የገበሬው ድርሻ ግን አነሰም በዛ በየዓመቱ ተከፍሏል። በሦስተኛው ዓመት ከተጎነደለው ሥር የወጣው ቡና ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። ወጥተው ከነበሩት ብዙዎቹ ተመለሱ፤ በክብርም ተቀበሏቸው። ዛሬ ከአርጆ እስከ ጉቴ ብዙ ገበሬ ማሳውን የሚያድሰው በዚሁ መንገድ ነው።

በ2012 ዓ.ም. አቅም ሳያጡ ሥልጣናቸውን አስረከቡ። ብዙዎች ቦታው ለልጃቸው ለሮቤራ ይሆናል ብለው ነበር። እሳቸው ግን በሥራቸው ያሠለጠኗትን ወ/ሪት ንጋትን መረጡ። ሮቤራ ለጥቂት ወራት አኩርፎ ነበር። ኋላ ግን የመፈልፈያው ኃላፊ ሆኖ ከንጋት ጋር ተግባብቶ መሥራቱን እናቱ በዓይናቸው አይተዋል።

ወ/ሮ ፀጋ በስኳር ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ንጋት ስለ ዘንድሮው ቡና ሽያጭ ልታማክራቸው አልጋቸው አጠገብ ብትቀመጥ፣ እጇን ይዘው፦ «ሥራ አስኪያጇ አንቺ ነሽ። ወስኚና ነገ ንገሪኝ» አሏት። ወስና ተመለሰች። እሳቸው ቢሆኑ የሚመርጡት ሌላ እንደነበር ለባለቤታቸው ብቻ ተናግረው፣ ለእሷ «በርቺ» አሏት።

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በዙሪያቸው እንዳለ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን መምህር ጫንያለውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ትሕትናን እና እንደ ወንድም የሚቆጥሯቸውን አቶ ፈድሉን ትተው ሄደዋል።

የዘሩትን ያበቀለ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።