የሶልያና ግራ እግር

ሰኞ
አሁንም ግራ እግሯን እየጎተተች ነው። ጫማው ይሆናል ብዬ አዲስ ገዛሁላት፤ ያው ነው። “ጣቶችሽን ወደ ላይ” ስላት ቀኙ ብድግ ይላል፣ ግራው እምቢ። ስምንት ዓመቷ ነው እኮ! እሷ በፈረንሳይኛዋ “እማ፣ ሳ ማርሽ ፓ፣ አይሠራም” እያለች ትስቃለች። ባሌ ዳዊት ኢንተርኔት ላይ በሽታ ሲያነብ ስልኩን ነጠቅኩት። ነገ ሐኪም ጋ ነን። ፈራሁ።

ማክሰኞ
ሐኪሟ ከጉልበቷ በታች፣ ከውጭ በኩል፣ በጣቷ መታ መታ ስታደርጋት ልጄ “ነዘረኝ!” አለች። እዚያ ጋ ነርቩ አጥንቱ ላይ ነው የሚያልፈው። ሶልያና ደግሞ ዘንድሮ ቁመቷ ተመዘዘ፣ ሥጋ የላትም። “ስትቀመጥ እንዴት ነው?” አለችኝ ሐኪሟ። ዞር ብል እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች! የትምህርት ቤት እረፍቱን ሙሉ እንዲህ ሆና ነው መጽሐፍ ያነበበችው፤ ለካ ነርቩን የተጫነው ይኸው ነው።
ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ ያሉት የዳዊት ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ መኮንን፣ በሄድን ቁጥር “እግርሽን አውርጂ፣ ታላቅ ፊት እግር አይነባበርም” ይሏታል። “ጋሼ፣ ይተዋት፣ ስዊስ ነው ያለነው” የምለው እኔ ነኝ።

ሐሙስ
የነርቭ ምርመራ። በኤሌክትሪክ ቆንጠጥ ቆንጠጥ ያደርጓታል። እሷ ሳቀች፣ እኔ አለቀስኩ። ነርቩ አልተጎዳም ማለት ይቻላል፤ ተጭኖ ደንዝዞ ነው፣ ጫናው ከቀረለት ቀስ ብሎ ይመለሳል አሉ። እሰይ! ካልተመለሰስ? አልጠየቅኩም። ጫማዋ ውስጥ የሚገባ ደጋፊ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ እግር ማነባበር ክልክል።
ዳዊት ለወንድሙ ካልደወልኩ አለ። “ሞክራታ!” አልኩት። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ። “ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጋሼ “ልጄ ትድናለች?” አሉ። እኔን ይብላኝ።

እሑድ፣ ሳምንታት አልፈው
ትልቁ ጣት ነቅነቅ አለ! የሰፈራችን የሻትሌን አውቶቡስ ውስጥ እልልታዬን ለቀቅኩት። ሰው ሁሉ ዞረ። ይዙር!
ሩጫ ግን ገና ነው ተብሏል።

ቅዳሜ፣ በረዶው ከጀመረ ወዲህ
ዙሪክ። ባቡሩ ላይ ሳይ ደጋፊውን ቤት ትታው መጥታለች፤ “ያሳክከኛል” አለችኝ። መንገዱን ሙሉ ስቆጣ መጣሁ። ስንወርድ ጋሼ ራቅ ብለው ቆመው ይጠብቁናል። ሶልያና እጄን አስለቅቃ በሕዝቡ መሃል በረረች።
“ቀስ! ሰው ትገጪያለሽ!” ጮህኩባት። ዳዊትም ጮኸባት። ከዚያ ሁለታችንም ቀጥ አልን። እየሮጠች ነው። ግራው አይጎተትም።
ጋሼ አንስተው አቅፈዋታል፣ እየሳሙ አይጠግቧትም። ሰላምታውንም ረሳሁት።
“ጋሼ፣ ያውርዷት፣ ያውርዷት! ደግማ ትሩጥ!”