ዘጠኝ ጊዜ የተቆጠረችው የስፌት መኪና

ለእኔ ታላቅ ወንድም፣ ለአባባ ደግሞ መመኪያ ለሆንከው፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ተጣብቀህ ነው የምትውለው? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትልቁ ልጅህ ፈተናውን እንዴት አደረገው? የትንሿ የፊት ጥርስ በቀለ? እኛ ደህና ነን። አባባም ጉልበታቸው ደረጃ ላይ ከሚያስቸግራቸው በቀር ደህና ናቸው። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እሰፋለሁ። እንቅልፍ ግን ካጣሁ ሳምንት ሆነኝ። ያሳጣኸኝም አንተ ነህ፤ አልዋሽህም።

ለምን ስልክ አልደወልሽም እንደምትል አውቃለሁ። ስልክ ላይ አንተ ድምፅህን ከፍ ስታደርግ እኔን እንባ ይቀድመኛል፤ ከዚያ «በቃ ተወው» ብዬ እዘጋዋለሁ። ይሄ ደግሞ በቃ ተወው የሚባል ነገር አይደለም። በዛ ላይ በዓይንህ ማየት ያለብህ ወረቀት አለ። ደብዳቤውን የያዘው የአውቶቡሱ ሹፌር ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ። በታክሱ ረቂቅ ላይ እዚህ የሚደረገው የሕዝብ ውይይት ሐሙስ ስለሆነ ሁለት ቀን አለህ።

ባለፈው ሳምንት ስለ አዲሱ የታክስና የበጀት ረቂቅ በሬዲዮ ስታስረዳ ሁላችንም ሰማንህ። ዘጠኙም ሱቅ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ነበር። ኮት ብቻ የሚሰፉት ሽማግሌ፣ ጋሽ ኮት የምንላቸው፣ «ይሄ የኛ ልጅ ነው!» እያሉ ካውያውን ረስተውት የሰው ሱሪ አቃጠሉ። እኔማ ኩራት ሊገድለኝ ነበር። መንገድ ይሠራል አልክ፣ ሆስፒታል ይሠራል አልክ፣ ገንዘቡም ከየሥራ መሣሪያው በየዓመቱ ከሚከፈል ታክስ ይገኛል አልክ። ቀጥለህ «ልብስ ሰፊዎች አቅሙ አላቸው፤ እኔ ባደግሁበት ትንሽ መንገድ እንኳ በዘጠኝ ሱቅ ሃምሳ አንድ የስፌት መኪናና ዘጠኝ ኦቨርሎክ ተመዝግቧል» ስትል ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

ዘጠኝ ኦቨርሎክ! ኧረ በሞቴ፣ ረሳኸው እንዴ? የጨርቅ ጠርዝ የምትቋጨዋ መኪና አንድ ብቻ እንደሆነች አንተ ታጣዋለህ? ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጓሮው ኮሪደር ከሱቅ ሱቅ እየገፋህ የምታደርሳት አንተ አልነበርክም? አሁንም ያቺው ናት። ጠረጴዛዋ ላይ እንዳለች ትገፋለች፣ የግራ ጎማዋ ሲጢጥ ይላል፣ እያንዳንዱ ሱቅ እሷን የሚጠቀምበት የራሱ ሰዓት አለው። የእኔ ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ፤ ተቀመጥ። አምና ሁለት መዝጋቢዎች ቅጽ ይዘው መጡ። ከእነሱ በፊት ወሬው ደርሶ ነበር፤ መንግሥት ለልብስ ሰፊ ብድር ሊሰጥ ነው፣ መኪና የበዛለት ብድሩም ይበዛለታል ተባለ። ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አናውቅም። በቃ ሰው አበደ። የተበላሸችው የእማማ መኪና፣ የውሃ ባልዲ የምናስቀምጥባት፣ ተወልውላ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጋሽ ኮት ፔዳል የሌላትን ጨርቅ አልብሰው «ይቺ አዲስ ናት፣ አቧራ እንዳይነካት ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። ኦቨርሎኳ ደግሞ መዝጋቢዎቹ በፊት በር ሲወጡ እሷ በጓሮ እየቀደመች በሚቀጥለው ሱቅ ትጠብቃቸዋለች። ዘጠኝ ጊዜ አይተው ዘጠኝ ጊዜ ጻፉ። በስድስተኛው ሱቅ አንደኛው መዝጋቢ «የሁሉም ጎማ ይጮኻል እንዴ?» ሲል ሳቄን ለመያዝ ምላሴን ነከስኩ። ቅጹን የሞላሁት ግን እኔ ነኝ። መዝጋቢዎቹ ጽሕፈትሽ ያምራል ብለው ብዕሩን ሰጡኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ የዘጠኙንም ሱቅ ሞላሁ። የራሴን ሁለት መኪና አምስት አልኩ።

ያ ቁጥር አንተ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

እና አሁን ረቂቁ ከጸደቀ፣ ለአንድ መኪና የሁለት ወር የሱቅ ኪራይ ያህል በዓመት መክፈል አለብኝ። ኦቨርሎኳን ሳልቆጥር ለአምስት መኪና አሥር ወር ማለት ነው። ከየት አምጥቼ? አንተ የገዛህልኝን መኪና ከመሸጥ ሌላ ምን አለኝ? ቁጥሩ ቢስተካከል እንኳ አልስማማም፤ እሱንም ፊት ለፊት ልንገርህ። መኪና ቆማ አትበላም፣ ግን ደግሞ ቆማ አታበላም። ሥራ በሌለ ወር ሦስት ሳምንት ጨርቅ ሳትነካ ትውላለች። ከሠራሁት ውሰዱ እንጂ ካስቀመጥኩት እንዴት ትወስዳላችሁ? ሆስፒታሉን ጠልቼ አይደለም፤ የአባባን ጉልበት በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ። ነገር ግን ያ ሁሉ መንገድና ሕንፃ የታሰበው በሌሉ መኪናዎች ነው። የኛ መንገድ እንዲህ ከዋሸ ሌላው መንገድስ? በሌለ ጨርቅ ኮት ቆርጣችኋል፣ ወንድሜ። እጅጌው ላይ ስትደርሱ ምን ልታደርጉ ነው?

ባለፈው ረቡዕ በጋሽ ኮት ሱቅ ተሰበሰብን። ግማሹ እንናገር፣ ግማሹ በሐሰት ሞላችሁ ተብለን እንቀጣለን አለ። ጭቅጭቁ ሲበዛ ቁልፍ የምትተክለው ጎረቤቴ፣ ሦስት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው፣ ብድግ ብላ «የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ የምትናገሪውም አንቺ ነሽ» አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ነው ሐሙስ መድረኩ ላይ የሚያስረዳው ማን እንደሆነ የነገሩኝ። ሰው ሁሉ ባለበት የገዛ እህትህ ተነስታ ቁጥርህ ውሸት ነው፣ ውሸቱም የእኔ ነው ስትል ታየኝ። አለቆችህ ምን ይሉሃል? ከቤተሰብህ ጋር ተመሳጥረህ ነው ቢሉህስ? እንጀራህ ቢነካስ? አስተምረህ ለዚህ ላበቃኸኝ ወሮታዬ ይሄ ነው?

አባባን አትጠይቀኝ። ልጄን መድረክ ላይ ላየው ነው ብለው የኮታቸውን ትከሻ እንዳጠብብላቸው ሰጥተውኛል። ትከሻቸውን እየለካሁ ነገርኳቸው። መጀመሪያ «ወንድምሽን ሰው ፊት ልታዋርጂው ነው?» ብለው ኮቱን ከላያቸው ገፈው ወረወሩት፣ መርፌው ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ትናንት ጠዋት መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡና «ያቺን መኪና ስንት ጊዜ ቆጠሯት አልሽ?» አሉ። ዘጠኝ አልኳቸው። ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ «ቀድመሽ ንገሪው። ሰው ፊት እንዳይደነግጥ» አሉኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ለምኜሃለሁ፣ አፈር ስሆን፣ ቁጥሩን አንተው አስተካክለው። ሐሙስ ማለዳ አንተ ተነስተህ «ተሳስተናል፣ እንደገና እንቁጠር» ብትል ያረመ ሰው ትባላለህ። እኔ ካልኩት ግን የተታለለ ሰው ነው የምትባለው። ከዚህ ጋር እውነተኛው ዝርዝር አለ፤ ሃያ ሦስት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክ፣ ከዘጠኙም ሱቅ ፊርማ ጋር። የሚያስቀጣ ከሆነ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ ብዬ ከሥር ጽፌያለሁ። በሁለት ቅጂ ነው ያዘጋጀሁት፤ አንዱ እጅህ ላይ ነው፣ አንዱ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው። አንተ ካልተናገርክ እኔ እነሳለሁ። ሳልወድህ ቀርቼ እንዳይመስልህ።

ባለቤትህን በጣም ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ክር ደርሶኛል፣ ቀለሙም ልክ ነው። ትልቁን አይዞህ በርታ በልልኝ። ትንሿን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፣ የሰፋሁላትን ቀሚስ ከሹፌሩ ተቀበልላት። ጋሽ ኮት «ሱሪውን ያቃጠልኩት በእሱ ምክንያት ስለሆነ ይካሰኝ» ብለውሃል። ጎረቤቴም ሰላም ትልሃለች፤ ከልቧ ነው።

አባባ ኮታቸው አልቆላቸው አሁን ለብሰውት ከጎኔ ተቀምጠዋል። የምለውን እንዳለ ጻፊ ብለውኛል፤ «ሐሙስ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ማናችሁም ብትናገሩ ከመቀመጫዬ አልንቀሳቀስም። ሲያልቅ ግን ሁለታችሁንም ግራና ቀኝ ይዤ ነው ቤት የምገባው፤ ጉልበቴን ታውቁታላችሁ፣ ብቻዬን ደረጃውን አልወጣውም።»

እህትህ
ከሦስተኛው ሱቅ፣ ከኮሪደሩ በር አጠገብ
ሰኞ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን