ያልተገላበጠው ክምር

ባሕር ዳር፣ ጥር 24

ውድ መልካሙ፣

የቢሮ ሰዎች ሳይጠሩህ ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ። ስልኬን ማንሳት ካቆምህ አራት ወር ሆነ። ወረቀት ግን ታነባለህ።

ዛሬ ጧት ጋዝ የሚለኩ ሰዎች ዘንዘልማ ወዳለው የማዳበሪያ መሥሪያ ቦታችን መጡ። ጸሎት የምትባል ከፔዳ፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ የመጣች ልጅ ረዥም ብረት የትራፊው ክምር ውስጥ ከተተች። መሣሪያው ይጮህ ጀመር። አፍንጫዋን ይዛ፣

«እማማ፣ ይህ መቼ ነው የተገላበጠው?» አለችኝ።

ፎርሙ በእጇ ነበር። «በ18 ተገላብጧል፣ በ21 ተገላብጧል» ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠርኸኝ ለዚህ ፎርም ነው። የጓዳ ትራፊ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ሚቴን የሚሉት ጋዝ ይወጣዋል፣ ምድሩን ሁሉ ያግለዋል ብለህ አስተማርኸን። በየሦስት ቀኑ ከተገላበጠ ግን አፈር ይሆናል አልህ። አመንሁህ። ዛሬም አምናለሁ።

ግን የቄስ ልጅ ሆነህ በዓል ረሳህ! ጥር አሥራ ስምንት የዓመቱ ጊዮርጊስ ነው፣ ሃያ አንድ አስተርእዮ ማርያም። በጊዮርጊስ አብራን ለምትሠራው ለሸጊቱ አካፋ ብሰጣት፣ «ኧረ እትዬ የሺአረግ! እርስዎ ልጅ የለዎት፣ ቢቀሠፉ ምን ያጣሉ?» ብላ ወረወረችው። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ያሳደግሁት አንተን መሆኑን ማንም አላነሣም። በበዓሎቹ መካከል ባሉት ቀናት ደግሞ መኪናው የሚያራግፈውን ስንለይ ይመሽብናል።

ያኔ ገና ሥራውን ስንጀምር ይህንኑ ነግሬህ ነበር። «እትዬ፣ እርስዎ ዝም ብለው ተገላብጧል ብለው ይጻፉ። ማን ቆፍሮ ያያል?» አልኸኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፍሁ። አንተ በዚያ ወረቀት ሹመት አግኝተህ ሄድህ።

ዛሬ ተቆፍሮ ታየ።

ሸጊቱ ከኋላዬ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «በሃያ አንድ ነው ይበሏት! ሊዘጉብን ነው እኮ። ተመልሰን ቆሻሻው ላይ ላስቲክ ልንለቅም ነው?»

አሥራ አንድ ሴቶች ነን። ግን አሰብሁት። ክምሩ ተገላብጦም ይህን ያህል ጋዝ ካወጣ ማገላበጡ ከንቱ ነው ብለው ይጽፋሉ፤ ትራፊውም ተመልሶ ጉድጓድ ይገባል። የእኔ ሐሰት ሥራውን ራሱን ሐሰተኛ ሊያደርገው ነው።

«እስክሪብቶ ስጪኝ፣ ልጄ» አልኋት።

ሁለቱን መሥመሮች ሰረዝሁና ከሥር «አልተገላበጠም፤ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል» ብዬ ጻፍሁ።

«ገደሉን፣ እትዬ!» አለች ሸጊቱ።

ጸሎት ያለፉትን ፎርሞች ገለጠች። «የበፊቶቹስ?»

«በበዓል ቀን የተጻፈው ሁሉ ሐሰት ነው።»

«ማን አዘዘዎት?»

ስምህን ጠራሁ። አባትህ ሲሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህን፣ ያንተን ስም። ከአፌ ከወጣ በኋላም አልመለስሁትም።

የአንድ ወር ጊዜ ሰጥተውናል። የማገላበጫውን ቀን ከበዓላቱ ጋር እናስማማና እንደገና ይለካል፤ ያኔም ከጮኸ ቦታው ይዘጋል። አንድ ቀን ቀርበህ «ታዲያ ምን ይሻላል?» ብለህ ብትጠይቀን ኖሮ ይህን መላ በመጀመሪያው ሳምንት እንነግርህ ነበር። ሸጊቱ እስካሁን አታናግረኝም።

አንተን ሳምንት ይጠሩሃል። የፈለግኸውን መልስ፤ ተቆጣኝ፣ ክሰሰኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፦ «አክስቴ መሃይም ናት፣ የጻፈችውን አታውቅም» እንዳትላቸው።

አውቃለሁ።

አክስትህ የሺአረግ
በገዛ እጄ የጻፍሁት