የቤት ቦታዬና የወንድሜ ኩሬ

ሰኞ

ቦታዎን ለኩሬ ይስጡኝ አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ነው፣ ከአገር ቤት ደውሎ። የመስኖ ኩሬው አልበቃውም፤ አምና በርበሬው ሊያብብ ሲል ውሃው አለቀ። «ጋሼ፣ ማስፋት የሚቻለው በእርስዎ ቦታ በኩል ብቻ ነው። ቆፋሪው ስካቫተር እኛ ጋ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል» አለ። ላስብበት አልኩት። ምኑን አስባለሁ? አባቴ ቤት ሥራበት ብሎ የሰጠኝ ቦታ ነው። በየዓመቱ ለመስቀል አገር ስገባ ቆሜ የማየው፣ መርካቶ ሲያንገሸግሸኝ የማስበው እሱን ነው።

ማክሰኞ

ሥራ እጄ ላይ አልያዝ አለኝ። እኔ ራሴ ውሃ እንዳይሰርግ ኩሬ ውስጥ የሚነጠፍ ፕላስቲክ ነጋዴ ነኝ። ገበሬውን ሁሉ «አስፉት፣ ኋላ ትመርቁኛላችሁ» እያልኩ እሸጣለሁ። ወደ እኔ ሲዞር ግን ላስብበት አልኩ።

ደሳለኝ ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም።

ባለቤቴ አልማዝ ታየኛለች። «ሃያ ዓመት ሙሉ እሠራለሁ ትላለህ፤ እስካሁን አራት ችካል ነው የተከልከው» አለች። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ረቡዕ

ጨከንኩና ደወልኩ። አልሰጥም፣ በኋላ በኩል ቆፍር አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። ከዚያ የምልክለትን ፕላስቲክ ልክ ነገረኝ፤ ሃያ አራት በአሥራ ስድስት ሜትር። በቃ? ይከራከረኛል ብዬ ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ማሸነፌ ደስ አላለኝም።

ሐሙስ

ፕላስቲኩን መጋዘኑ ፊት ዘርግቼ ስለካ እጄ ቆመ። በኋላ በኩል እኮ ቋጥኝ ነው፤ ልጆች ሆነን ችካል እንኳ አልገባልንም። ይሄ ሁሉ ስፋት የእኔን ቦታ ካልበላ ከየት ይመጣል? ደወልኩ።

«ደሳለኝ፣ መቼ ነው የለካኸው?»

«ከተቆፈረ በኋላ ነው ጋሼ።»

ለካ ማክሰኞ ተቆፍሮ አልቋል። ባለ ስካቫተሩ «ዛሬ ካልሆነ አልመለስም» ብሎታል። «ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሱም። ትናንት ደግሞ ልነግርዎ ፈራሁ።»

ጮኽኩበት። ሌባ አልኩት፣ የእናቴን ልጅ። ጎረቤት ነጋዴው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሦስቱ ጥሪ ግን እዚያው ስልኬ ላይ አለ።

ዓርብ

ጠዋት ፕላስቲኩን ቆረጥኩት። ሃያ አምስት በአሥራ ሰባት አደረግሁት፤ ጠርዙ አፈር ውስጥ እንደሚቀበር ደሳለኝ ሁሌ ይረሳል። ተሸካሚዎቹ አውቶቡስ ተራ አድርሰው ወደ አገር ቤት የሚሄደው መኪና ጣሪያ ላይ ጫኑት።

ስመለስ መሳለሚያ ላይ ዝናብ ያዘኝ። እዚያስ ጀምሮ ይሆን? ፕላስቲኩ ሳይነጠፍ ከዘነበ ውሃው ሁሉ አፈር ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። መጠለያ ስር ቆሜ ደወልኩ። ገና አንዴ ሲጠራ አነሳ።

«ጋሼ፣ ችካሎቹን ነቅዬ አስቀምጬልዎታለሁ» አለ።

ችካሉን ተወውና መኪናውን ወጥተህ ጠብቅ፣ ሲደርስ ዛሬውኑ አንጥፍ አልኩት። እዚያም ደመና ነው አለኝ።

ንዴቴ አልወጣልኝም። ለመስቀል ስገባ ቆሜ የማየው እንግዲህ ኩሬውን ነው። ሞልቶ ካልጠበቀኝ ወዮለት።